ፓምፑ ምን እየሳበ ነው?

የጭነት መኪና ማቀዝቀዣ ሲጠገን ቆማችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሜካኒኩ የሚያፈሰውን ቦታ ይደፍናል፤ ከዚያ ጋዙን እንደመሙላት አንዲት ፓምፕ ይሰካና... ቁጭ! ሰዓት ይሄዳል። ሹፌሩ “ወንድሜ፣ ሙላውና ልሂድ እንጂ!” ይላል። እኔም ብሆን እላለሁ። ግን የዚች ፓምፕ ዕድሜ ከማቀዝቀዣው ይበልጣል።

ነገሩ የሚጀምረው ጀርመን ነው። የማግደቡርጉ ከንቲባ ኦቶ ፎን ጌሪከ እ.ኤ.አ. በ1650 አካባቢ አየር የሚስብ ፓምፕ ሠራ። ሁለት የመዳብ ጎድጓዳዎች አፍ ለአፍ ገጥሞ አየራቸውን ሲስበው፣ ፈረሶች ግራና ቀኝ ሊያላቅቋቸው መከራቸውን በሉ። መቶ ዓመት ቆይቶ ስኮትላንዳዊው ሐኪም ዊሊያም ከለን ኤተር ያለበትን ዕቃ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ አየሩን ሳበ። ኤተሩ እሳት ሳይነካው ፈላ፤ ሙቀቱን ከውሃው ነጠቀ፤ ውሃው በረዶ ሆነ። ጽሑፉ በ1756 ታተመ።

እሳት ሳይነካው መፍላት ለአዲስ አበባ ልጅ ብዙም አይደንቅም። እኛ ዘንድ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 አካባቢ ይንተከተካል፤ ከፍታ ላይ ስለሆንን የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነው። ግፊቱን ይበልጥ ካወረዳችሁት ውሃ በክፍል ሙቀትም ይፈላል። የሜካኒኩ ግብ አብዛኛውን ጊዜ 500 ማይክሮን ነው፤ በባሕር ጠለል ካለው የአየር ግፊት 1,500 ጊዜ ያህል ያነሰ። እዚያ ሲደርስ ቱቦ ውስጥ የተደበቀች ጠብታ ተንና ትወጣለች። ካልወጣች ቫልቩ ላይ በረዶ ሆና መንገድ ትዘጋለች፣ ወይም ከጋዙና ከዘይቱ ጋር አሲድ ፈጥራ ኮምፕሬሰሩን ትበላለች። የቀረ አየር ደግሞ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ማሽኑን ያስጨንቀዋል።

የቤት ፍሪጅ ይህ ሁሉ ጣጣ እምብዛም የለበትም፤ ሞተሩና ኮምፕሬሰሩ አንድ ላይ ታሽገዋል። መኪና ላይ ግን መንገዱ ይንጣል፣ የጎማ ቱቦው ይላላል፣ ጋዙ ሾልኮ ያልቃል። ይህን ንጠት የተጋፈጠው ፍሬድሪክ ማኪንሊ ጆንስ ነው። በ1893 የተወለደ፣ ልጅነቱን ያለ ወላጅ ያሳለፈ፣ ሙያውን ራሱን ያስተማረ ጥቁር አሜሪካዊ። በ1938 ሚኒያፖሊስ ውስጥ ለጆሴፍ ኑሜሮ የሲኒማ ድምፅ መሣሪያ ይሠራ ነበር። እንደሚተረከው አንድ የትራንስፖርት ባለሀብት ዶሮው መንገድ ላይ ተበላሽቶበት ሲያማርር ኑሜሮ “እንሠራልሃለን” አለ፤ ሥራው ጆንስ ላይ ወደቀ። (አለቃ ሁሌም እንዲሁ ነው!) ጆንስ መጀመሪያ ማሽኑን ከመኪናው ሥር አሰረው፤ ጭቃውና አቧራው ሲያስቸግረው ወደ ፊት፣ ከሹፌሩ ጣሪያ በላይ ሰቀለው። ዛሬም መንገድ ላይ የምናየው እዚያው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እነዚህ ማሽኖች ደምና መድኃኒት አቀዘቀዙ። ድርጅቱ ኋላ ቴርሞ ኪንግ ተባለ። ጆንስ በ1961 አረፈ፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የቴክኖሎጂ ሜዳይ የተሰጠው በ1991 ነበር። ሠላሳ ዓመት ዘግይቶ!

ሌላ የቆየ አቋራጭም ነበር። ፓምፕ ከማስጮህ ይልቅ አየሩን በጋዙ በራሱ ገፍቶ ማስወጣት። ፍሪዮን አይመርዝም፣ አይቃጠልም፤ ቢፈስ ማን ይጎዳል? በ1974 ሞሊና እና ሮውላንድ ክሎሪኑ ላይ ወጥቶ ኦዞንን እንደሚበላ ጻፉ። በ1985 የአንታርክቲካው ሳሳ ቦታ ይፋ ሆነ፤ በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። አሜሪካ ውስጥ እነዚህን ጋዞች ሆን ብሎ አየር ላይ መልቀቅ ከሐምሌ 1992 ጀምሮ በሕግ ተከለከለ። ስለዚህ አሮጌው ጋዝ መጀመሪያ ወደ ሲሊንደር ይሰበሰባል፣ ፓምፑ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ ሹፌራችን እንመለስ። አሁን ሜካኒኩ ፓምፑን ዘግቶ ጌጁን እያየ ነው። ቁጥሩ ጥቂት ወጥቶ ከቆመ ውስጥ እርጥበት ቀርቷል፣ ይደገማል። ሳይቆም ከወጣ ቀዳዳ አለ፤ ያን ጊዜ ጋዙን መሙላት ብሩን አየር ላይ መበተን ነው። ከ500 በታች ካልተነቃነቀ ሲሊንደሩን ይከፍታል።