የኢትዮጵያ የኢኮኖሚ ጥናት ታሪክ፡ ከድሬዳዋ ጉምሩክ እስከ ሆሳዕና

በኢትዮጵያ የዘመናዊ ኢኮኖሚ አስተሳሰብ ቀዳሚ ከሚባሉት ጽሑፎች አንዱ የወጣው ከዩኒቨርሲቲ ሳይሆን በመንግሥት ሥራ ላይ ከነበረ ሰው ብዕር ነው። በጀርመን ሀገር የተማሩትና በድሬዳዋ ጉምሩክ ያገለገሉት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ (1878-1911 ዓ.ም) የጻፉት «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ከዕረፍታቸው በኋላ በ1916 ዓ.ም ታትሟል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ጥሬ ዕቃ ሸጦ የፋብሪካ ውጤት የሚገዛ ሕዝብ በልውውጡ እንደሚጎዳ፣ የሀብት ምንጭም ዕውቀት የታከለበት ሥራ መሆኑን አስረድተዋል። ተቀራራቢ መከራከሪያ በራውል ፕሬቢሽና በሃንስ ሲንገር አማካይነት በዓለም አቀፍ መድረክ የታወቀው ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም ከተከፈተ በኋላ ዘርፉ መደበኛ ትምህርት ሆኗል። የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማኅበርም በ1984 ዓ.ም ተመሥርቶ የራሱን የጥናት መጽሔት ማሳተም ጀምሯል። በአሜሪካም ጥቁር የኢኮኖሚ ምሁራን የራሳቸውን ማኅበር ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1969 ነበር። በሁለቱም ዘንድ የራስ ተቋም መኖሩ የራስን ጥያቄ ለማንሳት አስችሏል።

ጉዳዩ ለሀድያና ለከምባታ ከተሞች ልዩ ትርጉም አለው። በሆሳዕና የሚገኘው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ በዱራሜም ካምፓስ አለው። ሆሳዕና ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል በመሆኗ ጥናቱና ውሳኔው በአንድ ከተማ ተገናኝተዋል።

የአካባቢው ኢኮኖሚ በተለመደው መለኪያ በቀላሉ አይያዝም። እንሰት ለምርት ለመድረስ በርካታ ዓመታት የሚፈጅ ሲሆን፣ ቤተሰቡም እንደ ፍላጎቱ በየጊዜው ስለሚጠቀምበት በአንድ የመኸር ወቅት ስሌት ሙሉ ዋጋው አይታይም። ወደ ደቡብ አፍሪካ የተሰደዱ ወጣቶች ከሚልኩት ገንዘብም ከፊሉ በባንክ ስለማያልፍ ከመዝገብ ውጭ ይቀራል። በእቁብ የሚሰበሰበው ቁጠባም እንዲሁ ነው።

ያልተመዘገበ ሀብት በዕቅድና በበጀት ውስጥ እንደሌለ ይቆጠራል። ስለሆነም የወረዳና የከተማ አስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች የሚይዙት የገበያ፣ የግብርና የመሬት መዝገብ ለተመራማሪ ዋነኛ ግብዓት ነው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወትም ስለ ሀገራቸው ንግድ የጻፉት ከጉምሩክ ሥራ በቅርብ ያዩትን ይዘው ነው።