ዜማና ፈውስ

ዜማ ለጆሮ ደስታ ብቻ የሚሆን አይደለም። የተጨነቀውን ልብ እንደሚያሳርፍ አባቶቻችን ከጥንት ያውቁት ነበር። እኛም በብቸናና በሞጣ አገር ያደግን ተማሪዎች ስለዚህ ነገር ታሪክ የተማርነውን ባጭሩ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 16 እንደ ተጻፈው፣ ንጉሥ ሳኦል ክፉ መንፈስ ባስጨነቀው ጊዜ ዳዊት በገና ይደረድርለት ነበር፤ ንጉሡም ያርፍ ነበር። በአገራችንም ባለ 10 አውታሩ በገና የዳዊት መሣሪያ ነው እየተባለ በዐቢይ ጾም ለጸሎትና ለተመስጦ ይደረደራል።

በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም ስለ ነበረው ስለ ቅዱስ ያሬድም የሚነገር ትውፊት አለ። በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ ከመመሰጣቸው የተነሣ ጦራቸው በያሬድ እግር ላይ ተተከለ፤ ደሙም ፈሰሰ፤ ሆኖም ዜማው እስኪፈጸም ሁለቱም አላወቁም ይባላል። ይኸው የያሬድ ዜማ በዲማ ጊዮርጊስና በሞጣ ጊዮርጊስ እስከ ዛሬ ይሰማል።

በውጭ አገር ደግሞ ነገሩ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በአሜሪካ ሆስፒታሎች ለቁስለኞች ወታደሮች ሙዚቃ ይሰማ ነበር፤ በሚሺጋንም በ1944 እ.ኤ.አ. የዚሁ ሙያ ትምህርት በኮሌጅ ተጀመረ። ዛሬ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሕመምተኞች ሙዚቃ ሲሰሙ ሕመማቸውና ጭንቀታቸው እንደሚቀንስ በብዙ ጥናት ታይቷል። በስትሮክ ምክንያት መናገር ካቃታቸው ሰዎች አንዳንዶቹ የለመዱትን ዜማ ማዜም ይችላሉ፤ ባለሙያውም ከዜማው ወደ ንግግር ይመራቸዋል። በእርጅና ብዙ ነገር የዘነጉ ሽማግሌዎችም የወጣትነታቸውን ዘፈን ሲሰሙ ፊታቸው ይፈካል።

ነገር ግን ዜማ ሐኪምንና መድኃኒትን አይተካም፤ ረዳት ነው እንጂ። ስለዚህ አእምሮው የታመመ ወንድማችን በቤት ተደብቆ ወይም ታስሮ ሊቀር አይገባም፤ ወደ ሐኪም ይወሰድ፤ ከዚያም ዜማው ያጽናናው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ነገር ነው። ሕመምተኛን ይበልጥ የሚረዳው ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀውና የሚወደው ዜማ ነው። የባዕድ አገር ሙዚቃ የጎጃምን ሽማግሌ የአጨዳውን ዘፈን፣ የሠርጉን ጭፈራና የበገናውን ድምፅ ያህል አያስታውሰውም። እንግዲህ ወላጆቻችን የሚያውቁትን ዜማ ዛሬ ካልተማርነው፣ ነገ በታመሙ ጊዜ በምን እናጽናናቸዋለን? ጓደኞቻችን ሆይ፣ ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ እንጠይቅ፤ እንማር።