እልፍኝ የገባው እንግዳ

ኮምፒውተራችን ድንገት ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ ሲቆም ብዙዎቻችን «ቫይረስ ገባበት» ብለን ፎርማት ልናስደርግ እንሮጣለን። ጥፋተኛው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው፤ ታሪኩም ወደ 30 ዓመት ይጠጋል።

ከርነል የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እልፍኝ ነው። ሚሞሪውንም ፕሮሰሰሩንም የሚያዘው እሱ ነው። ተራ ፕሮግራም ቢሳሳት ብቻውን ይዘጋል። እልፍኝ የገባ ኮድ ሲሳሳት ግን ቤቱ በሙሉ ይቆማል።

ዊንዶውስ ኤንቲ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ የግራፊክስ ሥራው በአብዛኛው ከከርነሉ ውጭ ነበር። አስተማማኝ ቢሆንም ፍጥነት ይቀንስ ነበር። ስለዚህ ማይክሮሶፍት በ1996 በኤንቲ 4.0 የግራፊክስ ክፍሉን ከነድራይቨሩ ወደ ከርነል አስገባው። ድራይቨሩን የሚጽፉት ደግሞ የካርድ አምራቾች ናቸው። የእነሱ ስህተት ከዚያ ወዲያ የሁሉ ስህተት ሆነ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል!

በ2007 ቪስታ ሲመጣ ማይክሮሶፍት የድራይቨሩን ትልቁን ክፍል መልሶ አስወጣው። አምራቾቹ ግን ለአዲሱ አሠራር በጊዜ አልደረሱም። በኋላ በፍርድ ቤት ክርክር ይፋ የሆነ ሰነድ እንዳሳየው፣ በ2007 ከተመዘገቡት የቪስታ ብልሽቶች 29 በመቶ ገደማ የኤንቪዲያ ድራይቨሮች፣ 18 በመቶ ገደማ የራሱ የማይክሮሶፍት ነበሩ። ስሙ የጠፋው ግን ቪስታ ነው።

ያም ሆኖ ለውጡ ፍሬ አፍርቷል። ዛሬ ግራፊክስ ካርዱ ለ2 ሰከንድ መልስ ካልሰጠ ዊንዶውስ ካርዱን ብቻ እንደገና ለማስነሳት ይሞክራል። ስክሪኑ ጠቆር ብሎ የሚመለሰው ለዚህ ነው። ካልተሳካ ነው ሲስተሙ በሙሉ የሚቆመው።

ትምህርቱ ግን በሌላው በር አልደረሰም። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ከርነል ውስጥ የሚሠራው የክራውድስትራይክ የደህንነት ሶፍትዌር አንድ የተሳሳተ ፋይል ተቀብሎ 8.5 ሚሊዮን ገደማ ኮምፒውተሮችን ጣለ። በረራ ተሰረዘ፤ የሆስፒታል ቀጠሮ ተስተጓጎለ። እንግዳው ሌላ፣ እልፍኙ ያው።

እናንተስ ሲደርስባችሁ? መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን የፋይል ስም መዝግቡ። ከዚያ በሴፍ ሞድ አስነሱት፤ እዚያ የሚሠራው መሠረታዊው የስክሪን ድራይቨር ብቻ ነው። በሴፍ ሞድ ከረጋ ጥርጣሬው ወደ ድራይቨሩ ነው፤ አጥፍታችሁ ቀድሞ ይሠራ የነበረውን መልሱ። እዚያም ከወደቀ ሚሞሪውንና ካርዱን አስፈትሹ። ፎርማት የመጨረሻው ነው።

ቤቱን ከማፍረሳችን በፊት እልፍኝ ማንን እንዳስገባን እንጠይቅ።