ሃይማኖታቸው አንድ፣ ቋንቋቸው ሌላ፦ የጁንዳ ደሴት ሙስሊሞች



እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 1923 ቱርክና ግሪክ በሎዛን ከተማ ሕዝብ ለመለዋወጥ ተፈራረሙ። ማን ይሂድ፣ ማን ይቅር የሚለውን የወሰነው ቋንቋ ሳይሆን ሃይማኖት ነበር። ከ350 ሺህ በላይ ሙስሊሞች ግሪክን ለቀው ወደ ቱርክ ገቡ። 1.2 ሚሊዮን ያህል ኦርቶዶክሶች ደግሞ ለግሪክ ደረሷት።

ከተፈናቀሉት መካከል የቀርጤስ ደሴት ሙስሊሞች ነበሩበት። ከፊሎቹ በአይቫሊክ ከተማ አጠገብ ባለችው የጁንዳ ደሴት፣ ግሪኮች ጥለዋቸው በሄዱት ቤቶች ሰፈሩ። ሶላታቸውም ጾማቸውም ከአገሬው ጋር አንድ ነው፤ አፋቸውን የፈቱት ግን በግሪክኛ ነው። በዚህም «ግማሽ ካፊር» የሚላቸው አልጠፋም። ወደ ግሪክ የሄዱት ክርስቲያኖችም በተራቸው «የቱርክ ዘር» ተብለው ተሰድበዋል።

የመንግሥት ትምህርት ቤቱ የሚያስተምረው በቱርክኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1928 ደግሞ የኢስታንቡል የሕግ ተማሪዎች «ዜጋ ሆይ፣ ቱርክኛ ተናገር!» የሚል ዘመቻ ጀመሩ። ልጆቹ ቱርክኛ ለመዱ፤ ሥራም ወዳጅም አገኙበት። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የእናታቸውን ቋንቋ አደባባይ ላይ መናገር አሳፈራቸው። ዛሬ የቀርጤስን ግሪክኛ የሚናገሩት በአብዛኛው አዛውንቶች ናቸው።

አዲስ ቋንቋ ለማስተማር የቀድሞውን ማዋረድ አያስፈልግም ነበር። ቁርኣን የቋንቋዎችን ልዩነት ከአላህ ምልክቶች ይቆጥረዋልና። እኛም ከተፈናቃይ ልጅ ጋር አንድ ዴስክ ስንጋራ፣ በአነጋገሩ ሲሳቅበት ዝም አንበል።