ከ«የሰይጣን ቤት» ወደ «ሲኒማ ቤት»፦ የአንድ ስያሜ ታሪክ

ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አቅራቢያ በምትገኘው በጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ጥበብ ሰዎችን ሰብስበው ታላቁን መድፍ ያሠሩት በ1859 ዓ.ም. ነው። 70 ኩንታል ያህል ይመዝን የነበረው ይህ መሣሪያ ሁለት ስም ነበረው። የወል ስሙ «መድፍ» ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ የተጸውዖ ስሙ «ሴባስቶፖል» በክሪምያ ጦርነት ከታወቀችው ከተማ የተወሰደ ነው። ሁለቱም ባዕድ ቃላት ናቸው። ሆኖም የፋርጣና የጋይንት ገበሬ «መድፍ» ሲል የሰው ቃል ተውሼ ነው ብሎ አያስብም። ባዕድ ነገር ከነስሙ ሲገባ ሕዝቡ ስሙን እንዴት እንደሚያላምደው ለመመርመር ጋፋት ጥሩ መነሻ ትሆናለች።

የሴባስቶፖል አምሳያ በቆመበት በአዲስ አበባው የቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ፣ ለዚሁ ጥያቄ ሌላ ምሳሌ የሚሆን ቤት ነበረ። ይህም አንድ ፈረንሳዊ የከፈተው፣ ከከተማይቱ የመጀመሪያዎቹ ሲኒማ ቤቶች አንዱ ነው። ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ጠራው። የሉሚየር ወንድማማቾች በፓሪስ ለከፋይ ተመልካች ፊልም ያሳዩት በታኅሣሥ 1888 ዓ.ም.፣ የዐድዋ ድል በተገኘበት በዚያው ዓመት ነበር። አዲሱ ጥበብ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ በእኛ ዋና ከተማ የራሱ ቤት ሲያገኝ ቋንቋው ገና ስም አላዘጋጀለትም ነበር።

ይህን ስያሜ የአላዋቂነት ምልክት ብቻ አድርጎ ማለፍ ስሕተት ይመስለናል። በደብረ ታቦር፣ በእስቴና በጋይንት ደጋ እንደ ሌላውም የክርስቲያን አገር ሁሉ፣ «ሥዕል» የሚለው ቃል በቅድሚያ የሚያመለክተው የቤተ ክርስቲያንን ሥዕል ነው። ይህ ሥዕል በመጋረጃ ይሸፈናል፤ በጸሎትና በዕጣን ይቀርቡታል። በቀደምቱ የአሣሣል ሥርዐት ጻድቃን ሁለት ዐይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ሲሣሉ፣ ሰይጣንና ክፉዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዐይን ይሣላሉ። አዲስ አበባን የሞላው ሕዝብ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ነውና ከዚሁ ሥርዐት የተቀዳ ዐይን ነበረው። በጨለማ ቤት ውስጥ ያለ ሠዓሊ እጅ፣ ያለ ጸሎት የሚንቀሳቀስ መልክ ሲያይ፣ ከሚያውቃቸው ምድቦች የሚስማማው አንድ ብቻ ነበር። በእኛ አስተያየት «የሰይጣን ቤት» ስድብ ከመሆኑ በፊት ፍቺ ነው።

ከዚህ ስያሜ ሁለተኛው ክፍል «ቤት» ልዩ ትኩረት ይገባዋል። «ጠጅ ቤት»፣ «ትምህርት ቤት»፣ «ፍርድ ቤት» በሚሉት ጥምር ቃላት እንደምናየው፣ አማርኛ አዲስ ተቋም ሲያጋጥመው የሚዘረጋው አንዱ ዐይነተኛ ስልት ይህ ነው። ኋላ ፍርሃቱ ሲለቅ «ሲኒማ» የሰይጣንን ቦታ ወሰደ፤ «ቤት» ግን ባለበት ጸና። ባዕዱ ቃል የገባው ሕዝቡ አስቀድሞ በሠራው ደጃፍ ነው ማለት ነው።

የባዕዱ ቃል መነሻም ከድምፁ ይታወቃል። ኢጣሊያውያን ቃሉን በ«ቺ» ይጀምሩታል። ከእነርሱ የወሰድናቸው «ቻው»ና «ካልቾ» ይህንኑ የ«ቸ» ድምፅ ጠብቀው ቀርተዋል። ከኢጣሊያንኛ ቀድተነው ቢሆን ኖሮ «ቺነማ» የሚል መልክ እንጠብቅ ነበር። «ሲኒማ» በ«ሰ» መጀመሩ ግን «ለገሃር»ን ወደ ሰጠን ወደ ፈረንሳይኛ ይመራናል። የኢጣሊያ ጦር በ1928 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን ይዞ እስከ 1933 ዓ.ም. ቆይቷል። የሉቼ ተቋም የካሜራ ሰዎች ወረራውን ተከትለው ያነሡ ነበር፤ በወረራው ዘመን በትልልቅ ከተሞች ሲኒማ ቤቶች በዝተዋል። ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ የቃሉ ድምፅ አልተለወጠም። ይህም ቃሉ ከወረራው በፊት ሥር ሰዶ እንደ ነበር ያመለክታል።

ጸሐፊዎች «ተንቀሳቃሽ ሥዕል» የሚል አቻ ሐረግ አቅርበዋል። ሐረጉ በጽሑፍ ቢታይም በንግግር «ሲኒማ»ንና «ፊልም»ን አልተካም። ርዝመቱ አንድ ምክንያት ነው። ከዚህ ሌላ «ሥዕል» የተሸከመው ቅዱስ ትርጓሜ ሳያስቸግረው አልቀረም እንላለን። ዛሬ ለቪዲዮ «ተንቀሳቃሽ ምስል» የሚለው ይበልጥ ይሰማል፤ «ምስል» «መሰለ» ከሚለው ግሥ የወጣ፣ ከዚያ ሸክም ነጻ የሆነ ቃል ነውና። በሌላ በኩል «ተዋናይ» «አክተር»ን በሚገባ ተቋቁሟል። ችግሩ ያለው «አዘጋጅ» ላይ ነው። ይህ አንድ ቃል የፊልም መሪውን፣ የጋዜጣ አርታዒውንና የዝግጅት ኀላፊውን በአንድነት ስለሚጠራ፣ ተርጓሚው «ዳይሬክተር»ን ለመጠቀም ይገደዳል።

ሰይጣን ከቤቱ የወጣው በቃላት ምርጫ ብቻ አይደለም። «ሂሩት አባቷ ማን ነው» በ1957 ዓ.ም. በአማርኛ ሲቀርብ ተመልካቹ የራሱን ቋንቋ ከሸራው ላይ ሰማ። የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ1960ዎቹ መጨረሻ አወጣ። በ2001 ዓ.ም. ላይ የታየው «ጤዛ» ደግሞ የጎንደርን ገጠር ሰው፣ አነጋገሩንና ሐዘኑን ለዓለም አሳየ። አንድ ጊዜ በጥርጣሬ የታየው ጥበብ የዚያው ደጋ ሕዝብ ምስክር ሆነ።

እንግዲህ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁ ባልደረቦቻችን «ሲኒማ ቤት»ን ሲፈቱ «የሰይጣን ቤት»ንም ከነዘመኑና ከነአገባቡ እንዲመዘግቡ እናሳስባለን። የተሳካውን ስያሜ ብቻ የሚይዝ መዝገብ ሕዝቡ የፈራውን፣ ያመዛዘነውንና በመጨረሻ የተቀበለውን መንገድ ይደመስሳል። አዲስ ቃል የሚያወጣ ሰውም አስቀድሞ ሕዝቡ ነገሩን በራሱ አንደበት ምን ብሎ እንደጠራው ቢጠይቅ፣ ጥምር ቃሉን የሚያቆምበትን «ቤት» ብዙ ጊዜ ተሠርቶ ያገኘዋል።