ደመወዝተኛውና ዕቁቡ

ባንክ በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው በምኒልክ ዘመን በ1898 ዓ.ም. ነው። ለእኛ ለተራ ጸሐፊዎቹ ግን ባንካችን ዕቁብ ነበር።

በፊት የነበሩት አንጋፎች የዕቁብ ብር ሲደርሳቸው በግቢያቸው የሚከራይ ክፍል ይሠሩበት ነበር፤ ጡረታቸው እሱ ነበር። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረስ ያ መንገድ ተዘጋ። የለፉበት ክፍል ኪራይ ለቀበሌ ሆነ።

እኛ በ1970ዎቹ መጨረሻ በመሥሪያ ቤታችን አሥራ ሁለት ሆነን በየወሩ 20 ብር እንጥል ነበር። ዕጣ የወጣለት 240 ብር ይወስዳል፤ ግን ዋስ ሳይጠራ ሳንቲም አይነካም። ለምን ቢሉ፣ ቀድሞ የበላ ባለዕዳ ነው፤ መጨረሻ የሚደርሰው ነው አጠራቃሚው። አንድ ባልደረባችን በሁለተኛው ወር በላና ሥራውንም ለቆ ጠፋ። ዋሱ ደግሞ እኛ! አሥር ወር ሙሉ የሁለት ሰው ጣልን፤ ነገሩ እስከ ዛሬ ከቤት ይነሣብናል።

ከዚያ ወዲያ ዕቁብ ይቅርብን ብለን ለቤታችን ጣራ የሚሆነውን በባንክ ደብተር ማጠራቀም ያዝን። በመስከረም 1985 ዓ.ም. የአንድ ዶላር ምንዛሬ ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም ተነሥቶ 5 ብር ገባ። ደብተራችን ላይ ያለው ቁጥር አልጎደለም፤ የቆርቆሮው ዋጋ ግን ጥሎን ሄደ። ጎረቤታችን ዕቁቡ በደረሰው ቁጥር አራት አምስት ቆርቆሮ እየገዛ ከአልጋ ሥር ያስቀምጥ ነበርና፣ እንስቅበት ነበር። የዚያን ዓመት ክረምት እሱ ተኛ፤ እኛ ባልዲ ስናቀያይር ከረምን።