ሰርብ ተወልዶ ለሩሲያ የዘመተው ጄኔራል አማኑኤል

የዛሬው ጽሑፌ ጊዮርጊ አማኑኤል ስለሚባል የጦር ሰው ነው። ስሙ ከኛው ሰፈር የመጣ ይመስላል እንጂ ሰውዬው ሰርብ ነው። ዘመኑን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የተወለደው በ1775 በቬርሻጽ ከተማ ነው። ከተማይቱ ዛሬ በሰርቢያ ትገኛለች፤ ያን ጊዜ ግን የኦስትሪያ ግዛት ነበረች። ገና በልጅነቱ ከቱርክ ጋር ተዋጋ፤ ቀጥሎ በኦስትሪያ ጦር አገለገለና በ1797 ወደ ሩሲያ ተሻገረ። በዚያው መቶ ዓመት ውስጥ ብዙ ሰርቦች እንዲሁ አድርገዋል፤ ኦርቶዶክሶች ስለሆኑ ሩሲያን እንደ ዘመድ ቤት ነበር የሚያዩዋት።

ናፖሊዮን በ1812 ሲመጣ በሸቫርዲኖ ምሽግ ቆሰለ። በ1813 በላይፕዚግ ጦርነት ሎሪስቶን የተባለውን የፈረንሳይ ጄኔራል ማረከ፤ በ1814 ደግሞ ፓሪስ ድረስ ዘለቀ። ጀግንነቱን አልክድም፤ እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ኋላ በካውካሰስ ተራራማ አገር የጦር አዛዥ ሆነ። በ1828 የካራቻይን ሕዝብ ወግቶ ለዛሩ አስገበረ። በዓመቱ፣ በጁላይ 1829፣ አንድ ሺህ ያህል ወታደርና የሳይንስ ሊቃውንት አስከትሎ በኤልብሩስ ተራራ ሥር ሰፈረ። ተራራው መንታ ጫፍ ነው፤ ትልቁ 5,642 ሜትር፣ የምሥራቁ 5,621 ሜትር። ሊቃውንቱ ወጡ፣ በረዶው ግን አደከማቸውና ከጫፉ በታች ቀሩ። ጄኔራሉ ከሰፈሩ ሆኖ በመነጽር ሲያይ አንድ ሰው ብቻውን ከምሥራቁ ጫፍ ላይ ቆሟል። ኪላር የሚባለው መንገድ መሪ ነው! ወዲያው ከበሮ ተመታ፣ ተኩስም ተተኮሰ።

ታዲያ ይህ ነገር በብረት ሰሌዳ ላይ ተጻፈ። እኔ በመዝገብ ቤት ያረጀሁ ሰው ስለሆንኩ ስም እንዴት እንደተጻፈ ማየት ልማዴ ነው። ዛሩ፣ ጄኔራሉ፣ የ14 ዓመት ልጁ፣ ሊቃውንቱ፣ አንድ የሀንጋሪ መንገደኛ እንኳ ሳይቀር ተዘርዝረዋል። ጫፍ የደረሰው ሰው መጨረሻ ላይ ካባርዳዊው ኪላር ተብሎ ብቻ ገባ፤ የአባት ስም የለውም። ዛሬ ካባርዶችም ካራቻዮችም የኛ ነው እያሉ ይከራከሩበታል። ያ ጸሐፊ አንድ ቃል ቢጨምር ምን ነበረበት?

ጄኔራሉን የሩሲያ የሳይንስ አካዳሚ የክብር አባል አደረገው። በ1837 ከትውልድ ከተማው ርቆ በኤሊዛቬትግራድ አረፈ፤ ከተማይቱ ዛሬ በዩክሬን ውስጥ ክሮፒቭኒትስኪ ትባላለች።